በአሜሪካ የነርስነት ሙያ ለጀመራችሁ ልጆቻችን

ውድ ልጆቼ፣

ዛሬ የገባችሁበት በር በነፃ አልተከፈተም። ጥቁር አሜሪካውያን ነርሶች በ1908 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ታግለዋል፤ የጦር ሠራዊቱ የነርሶች ክፍል በ1945 የዘር ገደቡን ያነሳው የዚህ ማኅበር መሪ ሜብል ስቶፐርስና ባልደረቦቿ ስላላረፉ ነው። በ1971 የተመሠረተው ብሔራዊ የጥቁር ነርሶች ማኅበር ዛሬም አለ። የሐበሻው ማኅበር ይበቃኛል ሳትሉ ግቡበት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደም ግፊት ስትለኩ አትቸኩሉ። ቡና የጠጣ ሰው 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ሽንት ቤት ደርሶ ይምጣና ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ከተንጠለጠለ ወይም ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁ ግን አትናገሩት፣ ጎረቤት ይሰማል። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ወዲያው 911 ደውሉ።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ስህተቱም ይሄ ነው። በሎስ አንጀለስ 52 የጥቁሮች ጸጉር ቤቶች ውስጥ የተደረገ፣ በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ፋርማሲስት እዚያው እየመጣ መድኃኒት ያዘዘላቸው ወንዶች የላይኛው ግፊታቸው በ6 ወር በአማካይ 27 ነጥብ ወረደ፤ ከጸጉር አስተካካያቸው ምክር ብቻ ያገኙት ግን 9 ገደማ። ስለዚህ ስልክ ተቀበሉ፣ ስሞቹን ተከፋፈሉና በሳምንቱ ደውሉ። ቀጠሮ ተያዘ? መድኃኒቱ ተገዛ? ኢንሹራንስ የሌለውን እንደ ገቢው ወደሚያስከፍል ክሊኒክ ምሩት። በጾም ወቅት «ክኒንዎን በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እስኪያስቀድሱ የሚያቆዩት፣ ጭራሽ የሚተዉትም አሉ።

ሆስፒታል ውስጥም ቁጥር ብቻውን አይታመንም። በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጣት ላይ ተደርጎ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የተገኘው ጥቁር ታካሚዎች ላይ 11.7 በመቶ፣ ነጮች ላይ 3.6 በመቶ ነበር። አተነፋፈሱን ቁጠሩ፤ ከንፈሩን፣ የአፉን ውስጥና የዓይኑን ቆብ ውስጠኛ ክፍል እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ከደም ቅዳ ቧንቧ (አርተሪ) የሚወሰደውን የደም ምርመራ ጠይቁ። ሐኪሙ «ቁጥሩ ደህና ነው» ቢላችሁ ያያችሁትን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ቻርጅ ነርሷን፣ ማለትም የፈረቃውን ኃላፊ ነርስ፣ ጥሩ። ቀድማችሁ የገባችሁ ደግሞ አዲሷ ነርስ ስትጠራችሁ በስልክ አትመልሱላት። አልጋው ድረስ ሄዳችሁ በሽተኛውን አብራችሁ እዩ፤ ሐኪሙ ሲመጣም አጠገቧ ቁሙ።