መልስ፦ ባንክ ሲስፋፋ የድሃ ልጅ ይማራል ወይ?

ጥያቄህ «ባንክና ብድር ገጠር ድረስ ሲገባ የድሃ ልጅ የመማር ዕድሉ ይሰፋል ወይ?» ነው። ይሰፋል። ግን ብድር ብቻውን ብዙም አያሰፋውም።

እኔ ያደግኩት ገጠር ነው። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ እህል የሚደርሰው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ነው ቢባልም ደብተርና ዩኒፎርም በነጻ አይመጣም። አንድ ዓመት እናቴ ለእንቁላል ያሳደገቻትን ቄብ ዶሮ ሸጣ ነው ደብተር የገዛችልኝ። ከዶሮዋ ጋር ገበያ የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ እስካሁን አልረሳውም። ችግራችን ማጣት ብቻ አልነበረም። ገንዘቡ በሚፈለግበት ወር አይገኝም።

ለዚህ ክፍተት ከብድር ይልቅ ቁጠባ ይሻላል ባይ ነኝ። በኔፓል ለድሃ ሴቶች ያለ ክፍያ የቁጠባ ሂሳብ ሲከፈትላቸው ለትምህርት የሚያወጡት ገንዘብ ጨምሯል። በሕንድ ሃይደራባድ ግን አነስተኛ ብድር ሲስፋፋ በልጆች ትምህርት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሱቅ ለማስፋት የተበደረ ሰው ልጁን ሱቅ ሊያስጠብቅም ይችላል እኮ!

ኬንያን ደግሞ እይ። ኤምፔሳ የሚባለው በሞባይል ስልክ ገንዘብ መላኪያ በ2007 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ናይሮቢ ያለ አጎት የትምህርት ቤት ክፍያ በደቂቃ ይልካል። አባት ቢታመም ወይም ዝናብ ቢቀር ዘመድ ቶሎ ይደርሳል።

ጥናት እየሠራህ ከሆነ የባንክ ቅርንጫፍ ብቻ አትቁጠር። እናትየዋ በራሷ ስም ሂሳብ እንዳላት፣ መስከረም ላይም በሂሳቧ ምን ያህል ገንዘብ እንደቀራት ጠይቃት።