የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያና የደንበኛ መረጃ ለአነስተኛ ንግዶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች የተላኩልን በአነስተኛ ንግድ ከተሰማሩ አንባቢዎች ነው። ጥያቄዎቻቸው ቢለያዩም ሁሉንም ያስጨነቃቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ ገዢ ያምጣላቸው አያምጣላቸው በእርግጠኝነት ማወቅ አልቻሉም።

ጥያቄ፦ በእጄ የምሠራቸውን የሴቶች ቦርሳዎች በፌስቡክና በኢንስታግራም እሸጣለሁ። ፎቶዎቹን በየጊዜው እየከፈልኩ ቡስት አደርጋለሁ፣ ማለትም ለብዙ ሰው እንዲታዩ አደርጋለሁ። ላይኩ ብዙ ነው፣ ተከታዮቼም ጨምረዋል፤ ሽያጬ ግን ፈቀቅ አላለም። መክፈሌን ልተው ይሆን?

መልስ፦ ከመተውዎ በፊት የፌስቡክና የኢንስታግራምን የማስታወቂያ ሥርዓት ምን እንዲያመጣልዎ እንዳዘዙት ይመልከቱ። ማስታወቂያ ሲከፍቱ የሚመርጡት ዓላማ ለማሟያ ያህል የሚሞላ ቅጽ አይደለም፤ ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ በዋናነት የሚወስነው እርሱ ነው። ከተጠቃሚዎች መካከል ያየውን ሁሉ ላይክ የማድረግ ልማድ ያለው አለ፤ ሊንክ መንካት የሚወድም አለ፤ ላይክም ኮሜንትም ሳያደርግ በቀጥታ መልእክት ልኮ ዋጋ ጠይቆ የሚገዛም አለ። መድረኮቹን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ይህን ከእያንዳንዱ ሰው ያለፈ አጠቃቀም በመነሳት ይገምታሉ፤ እርስዎ ላይክና ኮሜንት የሚያበዛውን ምርጫ ይዘው ከከፈሉ ደግሞ ላይክ የሚያደርጉትን ሰዎች ፈልገው ያመጡልዎታል። ስለዚህ ሥርዓቱ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ መቀየር ያለበት ትእዛዙ ነው።

አድስ ማናጀር በተባለው የማስታወቂያ ማስተዳደሪያ ውስጥ ዓላማውን ራስዎ መምረጥ ይችላሉ። ሽያጭዎ የሚካሄደው በመልእክት ልውውጥ ከሆነ መልእክት የሚልኩ ሰዎችን እንዲፈልግልዎ ይዘዙት፤ ድረ ገጽ ካለዎትና ግዢው እዚያ የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ ሽያጭን ይምረጡ።

ማስታወቂያዎ እንዲታይ የሚያደርገውም የከፈሉት ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ለዚያች የማስታወቂያ ቦታ በርካታ አስተዋዋቂዎች ይጫረታሉ፤ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት በሆነው በሜታ አሠራር አሸናፊው የሚለየው የቀረበው ዋጋ፣ ሰውየው የተፈለገውን ነገር የማድረጉ ዕድልና የማስታወቂያው ጥራት አንድ ላይ ተመዝነው ነው። በዚህም ምክንያት ግልጽ ማስታወቂያ ያለው አነስተኛ ነጋዴ ብዙ በጀት የመደበውን ድርጅት ሊቀድም ይችላል። ቦርሳውን ሰው ይዞት የሚያሳይ፣ መጠኑን በዓይን ለመገመት የሚያስችል ፎቶ ያውጡ፤ ዋጋውንም ይጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ነጋዴውን የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ዋጋውን አይቶ የተወ ሰው ጊዜዎን አይወስድም፤ አይቶ የጻፈልዎ ግን ግማሹን መንገድ መጥቷል።

ጥያቄ፦ በጀቴ ትንሽ ስለሆነ እንዳይባክን ብዬ ታዳሚዎቼን በዕድሜ፣ በጾታና በፍላጎት ከፋፍዬ ስምንት የተለያዩ ማስታወቂያዎች አሠራለሁ። ውጤቱን በየቀኑ እያየሁ ደካማ የመሰለኝን እቀይራለሁ። ይህን ያህል ተከታትዬ ለምን አልተሳካልኝም?

መልስ፦ ትጋትዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለመማር የሚያስፈልገውን ዕድል እየነፈጉት ነው። በሜታ ማስታወቂያዎች አንድ የማስታወቂያ ስብስብ (አንድ ዓይነት ታዳሚና በጀት የሚጋሩ ማስታወቂያዎች) ሥርዓቱ ማን ምላሽ እንደሚሰጥ ከሚፈትሽበት የመማሪያ ደረጃ የሚወጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ የተፈለገውን ድርጊት 50 ያህል ጊዜ ሲያስገኝ ነው። ይህ እስኪሆን ውጤቱ ይዋዥቃል፣ ዋጋውም አንድ ቦታ አይረጋም። ትንሽ በጀት ለስምንት ሲከፈል አንዱም ወደዚያ ቁጥር አይጠጋም፤ ታዳሚውን ወይም ምስሉን በቀየሩ ቁጥርም ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ስምንቱን ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ያሰባስቡ። ከታዳሚ ገደቦች ውስጥ የሚያስፈልጉዎት እውነተኛዎቹ ብቻ ናቸው፦ ዕቃ ማድረስ የሚችሉበት አካባቢ፣ ደንበኛዎ የሚረዳው ቋንቋ፣ ምርቱ የሚጠይቀው ከሆነም ዕድሜ። «ፍላጎት» ተብለው የተደረደሩት ምድቦች ሰዎች ከሚከታተሏቸውና ከሚነኳቸው ነገሮች ተነስቶ የተሰጡ ግምቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ትክክለኛውን ገዢ ከበር ይመልሱታል። በጀትዎ በሳምንት 50 ግዢ ሊያስገኝ የማይችል ከሆነ፣ ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነን፣ ከግዢ ቀደም ብሎ የሚመጣና ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ድርጊትን፣ ለምሳሌ መልእክት መላክን ዓላማ ያድርጉ።

ሁለት ማስታወቂያዎችን ማወዳደር ሲፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ይለዋውጡ፤ ፎቶውን ከለወጡ ጽሑፉን አይንኩ። አንደኛው አምስት፣ ሌላኛው ሦስት ገዢ አመጣ ብለውም አይፍረዱ። ቁጥሩ ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊፈጠር ይችላል፤ ነገ ተገላብጦ ቢያገኙት ሊገርምዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ የማስታወቂያው ሪፖርት በወሩ 40 ሽያጭ አምጥቼልሃለሁ ይለኛል። በመዝገቤ ግን በአጠቃላይ የሸጥኩት ከ40 ብዙም አይበልጥም፤ ከገዢዎቹ መካከል ደግሞ ብዙዎቹን ለዓመታት የማውቃቸው ደንበኞቼ ናቸው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ መዝገብዎን ይመኑ። ሪፖርቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚቆጥረው እርስዎ ከሚያስቡት የተለየ ነገር ስለሆነ ነው። በሜታ የተለመደው አቆጣጠር ማስታወቂያውን ነክቶ በ7 ቀን ውስጥ የገዛን ሰው፣ ሳይነካ አይቶ ብቻ በ1 ቀን ውስጥ የገዛንም ጭምር ለማስታወቂያው ይመዘግባል። የቆየ ደንበኛዎ ወደ እርስዎ ሊመጣ ተነስቶ ሳለ ማስታወቂያው ዓይኑ ላይ ካለፈ እርሱም ይቆጠራል። በሁለት መድረኮች የሚያስተዋውቁ ከሆነ ያንኑ አንድ ሰው ሁለቱም የየራሳቸው አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ሳይገፋፋም ይገዛ ለነበረ ሰው መክፈል የትላልቆቹም ችግር ነው። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ በፍለጋ ገጾች ላይ የሚያወጣውን ማስታወቂያ በተወሰኑ አካባቢዎች አቋርጦ ሽያጩን ከሌሎቹ ጋር ያነጻጸረበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አዘውትረው በሚገዙ ደንበኞች ላይ ማስታወቂያው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ የወጪው አብዛኛው ክፍል ግን የሚውለው በእነርሱው ላይ ነበር። ጥቅሙ የታየው በአዲሶችና አልፎ አልፎ በሚገዙ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፌስቡክ የቪዲዮ አማካይ የእይታ ጊዜን አጋንኖ ሲያሳይ እንደቆየ አምኗል፤ ስሌቱ ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከአማካዩ ያስወጣ ስለነበር ነው። ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል፦ አፕል ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ በሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ ለመከታተል ፈቃዱን እንዲጠይቁ ስላስገደደና ብዙዎች ስለከለከሉ፣ ማስታወቂያው በእርግጥ ያመጣው ሽያጭ በሪፖርቱ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ለእርስዎ የሚበጀው መለኪያ ቀላል ነው። እያንዳንዱን አዲስ ገዢ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከሽያጩ ጎን ይጻፉ። ለማስታወቂያ 600 አውጥተው 12 አዲስ ገዢ ካገኙ ለአንዱ 50 ከፍለዋል ማለት ነው። ከአንድ ሽያጭ የሚተርፍዎ 40 ብቻ ከሆነ፣ ያ ደንበኛ ተመልሶ ካልመጣ በቀር ከስረዋል። እንግዲህ ማስታወቂያው ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ከሚያሳየው መዝገብዎ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም መድረክ ከእርስዎ የተሻለ ሊያውቀው አይችልም። ከተቻለዎም በተለያዩ አካባቢዎች የሚሸጡ ከሆነ፣ ማስታወቂያውን ለጥቂት ሳምንታት በአንዱ አካባቢ አቁመው በሌላው ይቀጥሉና የሁለቱን ሽያጭ ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ የ300 ያህል ደንበኞቼ ስልክ ቁጥር አለኝ። ቁጥሮቹን ለማስታወቂያ ልጠቀምባቸው እችላለሁ? አንድ ሰው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን በርካሽ ልሽጥልህ ብሎኛል።

መልስ፦ የሚሸጠውን አይግዙ። የሜታ ደንብ ለማስታወቂያ በሚጭኑት የስልክ ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ሰዎች መረጃ ለመጠቀም መብቱና አስፈላጊው ፈቃድ እንዲኖርዎ ያስገድዳል፤ ስለ እርስዎ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፈቃድ ደግሞ ከሻጩ እጅ አይገኝም። ከዚያም በላይ ሰዎቹ የእርስዎን ዕቃ ለመፈለጋቸው አንድም ምልክት የለም። የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት በነበረው በካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ መጠይቅ ከሞሉ ጥቂት ሰዎች ተነስቶ ምንም ያልተጠየቁ ወዳጆቻቸው መረጃ ስለተወሰደ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ተጠቃሚዎች እንደተነኩ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ገልጿል። የእርስዎ ዝርዝር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፤ ሳይጠየቅ ቁጥሩ የተላለፈበት ሰው የሚሰማው ቅሬታ ግን ያው ነው።

የራስዎ 300 ግን ሀብት ናቸው፤ ቁጥራቸውን የሰጡዎ ለዚህም እንደሚውል አውቀው ከሆነ። ዝርዝሩን ወደ መድረኩ ሲጭኑ ቁጥሮቹ ኤስ.ኤች.ኤ-256 በተባለ ስልት ወደማይነበብ ኮድ ተቀይረው ከመድረኩ ተጠቃሚዎች ጋር ይመሳከራሉ። ኮዱ ቁጥሩን ከሌላ ሰው ዓይን ይሰውረዋል እንጂ መድረኩ ማን ደንበኛዎ እንደሆነ እንዳያውቅ አያደርግም፤ ፈቃድ መጠየቅዎ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። አዲስ ሰው ሲፈልጉ የቆዩ ደንበኞችዎን ከማስታወቂያው ማስቀረት አንዱ ነው። ሁለተኛው እነርሱን የሚመስሉ ሰዎችን እንዲፈልግልዎ ማዘዝ ሲሆን ለዚህ ከአንድ አገር ቢያንስ 100 የተመሳከሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ሜታ የሚመክረው ግን ከ1,000 እስከ 5,000 ነው። ዝርዝርዎ ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ መጠነኛ እንደሚሆን ይጠብቁ፤ እያደገ ሲሄድ ግን አንዴ ገዝተው የጠፉትን አውጥተው ደጋግመው የገዙትን ብቻ ይጫኑ።

ከአሁን ጀምሮ በመዝገብዎ ላይ ከስሙና ከቁጥሩ ጎን የገዛበትን ቀን፣ የገዛውን ዕቃ፣ ከየት እንደሰማና ለማስታወቂያ መፍቀድ አለመፍቀዱን የሚይዙ ዓምዶች ይጨምሩ። «ሰርዙኝ» ያለዎትን ሰው ከመዝገቡም፣ ወደ መድረኩ ከጫኑት ዝርዝርም በዚያው ቀን ያውጡት።