መልስ፦ ካልቪሎ በሦስት ዳውን ያን ሁሉ ያርድ እንዴት ወረወረ?

ወንድሜ፣ በካናዳ ፉትቦል ሊግ (እንደ አሜሪካው ፉትቦል ኳሱ በእጅ በሚወረወርበት) 10 ያርድ ለመግፋት የሚሰጠው ዕድል፣ ማለትም ዳውን፣ ሦስት ብቻ ሆኖ ሳለ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) አንቶኒ ካልቪሎ በተጫወተባቸው ዓመታት እንዴት 79,816 ያርድ ወረወረ ብለሃል። ምክንያቱ ራሱ ሦስት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ዳውን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በእግር መትቶ ለማራቅ ስለሚውል በተግባር ያለው ሁለት ሙከራ ነው። በመጀመሪያው ሮጠው 3 ያርድ ብቻ ካገኙ 7 ይቀራል፤ ያኔ መወርወር ግድ ነው።

ከባዱ ነገር ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ተቀባዮች ኳሱ ከመሬት ተነስቶ ለኳርተርባኩ ሳይሰጥ ወደ ፊት መንደርደር ይፈቀድላቸዋል። ኳርተርባኩ ቶሎ ካስነሳ ተቀባዩ ገና ፍጥነት አልያዘም፤ ካዘገየ ተቀባዩ ኳሱ ያለበትን መስመር አልፎ 5 ያርድ ያስቀጣል። የሜዳው ስፋት ደግሞ 65 ያርድ ነው። በካልቪሎ ዘመን ኳሱ ከአንዱ ጠርዝ 24 ያርድ ላይ ሲቀመጥ ወደ ሌላኛው 41 ይቀር ነበር። ወደዚያ ጠርዝ የሚላክ ኳስ አየር ላይ ስለሚቆይ ተቀባዩ ከመዞሩ በፊት ካልተለቀቀ ተከላካዩ ይነጥቀዋል። የካልቪሎ ትልቅነት፣ በእኔ ግምት፣ ኳሱን ቀድሞ በመልቀቁ ነው።

በ1994 የጀመረበት ቡድን ላስ ቬጋስ ፖሲ በዓመቱ ፈረሰ። ከሃሚልተን ቡድን በኋላ ከ1998 እስከ 2013 ለሞንትሪያል አሉዌትስ ተጫውቶ የሊጉን ዋንጫ ግሬይ ካፕን በ2002፣ በ2009 እና በ2010 አንስቷል።