ፍሪጁ አልሞተም፣ መኪናው ነው የዘመመው

አቦ፣ ቆይ! ያ ሰውዬ ቱቦውን ሳይቆርጥብህ ይህን አንብብ።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ወንድማችን ከነቤተሰቡ በካምፐር (ውስጡ በሚታደርበት) መኪና መጥቶ ድሬ ሦስት ቀን አደረ። ፍሪጁ ደህና ይሠራ ነበር። ከዚያ ሐረር ወጣና ዘመድ ቤት ደጅ፣ ዳገት ላይ አቆመ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሳቱ ይነዳል፣ የፍሪጁ ውስጥ ግን ለብ ብሏል፣ የልጆቹ ወተት ተበላሽቷል። የጠራው ባለሙያ «ጋዝ አልቆበታል፣ ቆርጬ ልሙላልህ» ብሎታል። እሱም «ላስሞላ ወይስ ልተወው?» ይላል።

ተወው። የአንተ ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ጋዝ የሚሞላ አይደለም። በፋብሪካ ተበይዶ የተዘጋ ነው፤ ውስጡ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጂን አለ፣ ግፊቱም ከ20 አትሞስፌር በላይ ነው። ያንን የቆረጠ ሰው ፊቱ ላይ አሞኒያ ይተፋበታል፣ አንተም ፍሪጅ የለህም። እዚሁ ድሬ አንድ ሰው ላይ ደርሶ አይቻለሁ፤ ዓይኑን በውሃ ሲያጥብ ነው የደረስኩት። ፍሪጁን ግን ማንም አላተረፈውም።

እኔ የፍሪጅ ሠራተኛ ነኝ። ካምፐር በእጄ የገባው ስንት ጊዜ ነው ብትለኝ በጣቴ የምቆጥረው ነው። ግን የዚህን ፍሪጅ ወንድም በደንብ አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ በሐረርጌ ገጠር የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥባቸውን የላምባ ፍሪጆች ስጠግን ነበር። መብራት በሌለበት አገር፣ ከታች ኩራዝ የመሰለ እሳት እየነደደ ከላይ መድኃኒቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይዞ ያድራል። የአንተው በላምባ ፈንታ በቡታ ጋዝ ይሠራል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሐሳቡን በፈረንጆች 1922 ያመጡት ፕላተንና ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም ብዙ አልተቀየረም።

ታዲያ ዳገት ምን አገባው? ይህ ፍሪጅ ሞተር የለውም። ከኋላው ከታች ትንሽ ማፍያ አለች። እሳቱ ያሞቃታል፣ አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ እንደ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ይበርድና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ በረዶ ቤቱ ይወርድና ሃይድሮጂን ውስጥ ሲገባ ይተናል፤ ከዕቃህ ላይ ሙቀቱን የሚወስደው ያኔ ነው። የተነነውን ውሃው ይመጠውና ተመልሶ ወደ ማፍያዋ ይፈሳል። ሽቅብ የሚገፋው ሙቀት ነው፣ ቁልቁል የሚመልሰው የቧንቧው ተዳፋት። የሐረማያ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበትን ቦይ አስብ፦ ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ቀና ካለ ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ታች ያለው መደብ ይደርቃል። መኪናህ ሲዘም የሆነው ይኸው ነው። ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ አንድ ጥግ ተኝቷል፣ ማፍያዋ ደርቃለች፣ እሳቱ ግን አያውቅም፣ ይነዳል።

ክፋቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ቧንቧውን ከዝገት የሚጠብቅ ሶዲየም ክሮሜት የሚባል ቢጫ ኬሚካል አለ። ማፍያዋ ከልክ በላይ ስትግል ኬሚካሉ ይረጋና ቀጭኗን የማፍያ ቧንቧ ይደፍናታል። ይህ አንዴ ከሆነ ቦታ ብታስተካክልም አይመለስም፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል። ዛሬ ሁለት ሰዓት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰዓት እያልክ የምታቆመው ሁሉ እየተደመረ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ተነሥተህ እሳቱን አጥፋ፣ ቀሪውን ከዚያ ታነባለህ።

አጠፋህ? ጥሩ። አሁን የሻይ ብርጭቆ አምጣ።

የመጀመሪያዋን ካምፐር ያየኋት እዚያው ሐረር፣ ከሸዋ በር ብዙ በማይርቅ ቁልቁለት ላይ ነበር። ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ «ፍሪጁ ሞተብን» ብለው ጠሩኝ። የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ስገባ ሴትየዋ ሻይ ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን የበረዶ ቤቱ ወለል ላይ አስቀምጬ አጎንብሼ ስመለከት ሻዩ በአንድ ወገን ከከንፈሩ ሊፈስ ደርሷል፣ በሌላው ወገን ጣት የሚያህል ጎድሎለታል። ሳጥኔን አልከፈትኩትም። ሰውየው መሬቱን እንጂ ፍሪጁን እንዳላየሁ ሲገባው ቅር ብሎት ነበር፤ ገንዘብ የሚወስድ ባለሙያ አንድ ነገር መፍታት አለበት ብሎ ነው መሰለኝ። መኪናዋን አስነሥተን ሜዳ ላይ አቆምናት፣ እሳቱን ለኮስኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት «ውሃው ረግቷል» ብሎ ደወለልኝ።

አንተም እንደዚያ አድርግ። የግንበኛ ውሃ ልክ ካገኘህ የበለጠ ነው፤ በስልክ ላይ ያለውም ይሠራል። ቁም ነገሩ የምትለካው በረዶ ቤቱ ወለል ላይ ነው እንጂ መኪናው ወለል ላይ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ አይደለም። ፍሪጁ ራሱ ሲገጠም ጠምሞ ሊሆን ይችላል።

የዘመኑ ፍሪጆች አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት፣ በሩን ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ወደ ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ኋላ 6 ዲግሪ ነው። የቆየ ፍሪጅ ከዚያም ያነሰ ነው የሚችለው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። በአብዛኛው ካምፐር ፍሪጁ ጀርባውን ለጎን ግድግዳ ሰጥቶ ነው የቆመው፤ የአየር ማስገቢያው ወንፊት ከውጭ በመኪናው ጎን ካለ የአንተም እንደዚያ ነው። እንግዲህ የፍሪጁ ግራና ቀኝ የመኪናው ፊትና ኋላ ሆነ ማለት ነው። ሰው ግን አልጋው ላይ እንዳይንከባለል ብሎ የመኪናውን ጎንና ጎን ያስተካክላል፣ አፍንጫው ሽቅብ ማየቱን ምንም አይለውም። ፍሪጁን የሚገድለው ግን እሱ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ተኩል ካለ፣ 3 ዲግሪ ማለት 18 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። የሐረር ዳገት ይህንን በቀላሉ ያልፈዋል።

ሌላ ቦታ ከሌለህ ታዲያ ቢያንስ መኪናውን አዙረህ ከዳገቱ አግድም አቁመው። ያኔ ዝመቱ ፍሪጁ በተሻለ ወደሚችለው ወገን ይሄዳል። ቀሪውን በጣውላ ታስተካክላለህ፦ በዝቅተኛው ወገን ባሉት ጎማዎች ሥር ሰፋፊ ጣውላ ደርበህ ቀስ ብለህ ትወጣበታለህ። በግራና ቀኝ ጎማ መካከል 1 ሜትር ከ70 ከሆነ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 3 ዲግሪ ይመልስልሃል። ብሎኬት አታድርግ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድንገት ይፈርሳል። በክሪክ አንሥተህም ሰው አታሳድርበት። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማውን በታኮ ደግፍ፤ ሐረር ላይ ሕፃናት ከመኪና ሥር ኳስ ፍለጋ ይገባሉ።

እንደ ድሬ አሸዋ ያለ መሬት ካገኘህ ደግሞ ከፍ ያለውን ጎማ አስቆፍረህ ማስገባት ከጣውላው ይቀላል። ግን ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ሜዳ ነው ብለህ እዚያ እንዳትገባ። ድሬ ላይ ጠራርጎ የሚወስደው ጎርፍ እዚህ ጠብ ሳይል ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ነው የሚመጣው። የ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን እንደዚያ ነው። ለውሃ ልክ ከከተማው የተመቸው ቦታ እሱ መሆኑ ያናድዳል፣ ግን አይሆንም።

«ታዲያ ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስወጣ ለምን አልተበላሸም?» ማለትህ አይቀርም። መኪናው ሲሄድ፣ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ ሲወዛወዝ፣ ፈሳሹ አንድ ቦታ አይተኛም፤ እየተናጠ ይወርዳል። ችግሩ መቆም ነው። ደንገጎ ላይ ፎቶ ልናነሣ ብለህ፣ አወዳይ ላይ ጫት ልንገዛ ብለህ ጠርዝ ላይ ሰዓት ከቆየህ ፍሪጁን አጥፋው። በሩ ካልተከፈተ ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል። የጋዙን እሳትማ መኪናው ሲሄድና ነዳጅ ማደያ ስትገባ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ መንገድ ላይ በ12 ቮልቱ ይሂድ። ቆመህ ግን በ12 ቮልት አታስኪደው፣ ባትሪህን ባዶ ያደርገዋል።

ሐረር ላይ ሌላም ነገር አለ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ላይ። ከፍ ስትል አየሩ ይሳሳል፣ የጋዙ እሳት እንደ ታች አይነድም፤ ሰማያዊ የነበረው ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያበዛል። አምራቾቹም ከፍታ ላይ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩ ይላሉ። ዘመድ ቤት ደጅ ስለሆንክ ገመድ ሳብ። ግን መኪናህ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የፍሪጁ ማሞቂያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነውና ትራንስፎርመር ሳታደርግ የእኛን 220 እንዳትሰካበት፤ በአንዴ ያቃጥለዋል።

ቦታውን ካስተካከልክ በኋላ ለኩሰህ ተወው። ፈጣን ነገር አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስጠው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን የውጩን ወንፊት አውልቀህ በእጅህ ጀርባ ጠጋ ጠጋ እያልክ ፈትሽ፣ የጭስ ማውጫውን አትንካ። ማፍያዋ ግላ ከታች ያለው ተጠማዛዥ ቧንቧም ሞቅ ካለ ፈሳሹ እየዞረ ነው፣ አልሃምዱሊላህ በል። ማፍያዋ ብቻዋን ግላ ቧንቧው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ተደፍኗል ማለት ነው። በላምባ ፍሪጆች ጊዜ እንዲህ ሲሆን አጥፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ ፍሪጁን በአናቱ ዘቅዝቀን እናሳድረው ነበር። ውስጡ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ አንዳንዱ ይነሣል፣ አንዳንዱ አይነሣም። የአንተን ለመዘቅዘቅ ግን ከነሳጥኑ ማውጣት አለብህ፤ በመጀመሪያው ቀን የምሞክረው ነገር አይደለም።

ስትመለስ ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የፍሪጁ ጀርባ ያለበት ጎን ከቀትር በኋላ ጥላ እንዲያገኝ አድርገህ አቁም። ከላይኛው ወንፊት በኩል አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ የኮምፒውተር ፋን በ12 ቮልት ብትገጥም ልዩነቱን በቴርሞሜትር ታየዋለህ። ከቀፊራ ገበያ በጠራራ ፀሐይ የገዛኸውን ማንጎ ቀጥታ አትክተት፣ ማታ ሲበርድ ይግባ። ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ዘመድ ቤት አርግተህ ውስጡ ብታስቀምጥም ሥራውን ያቀልለታል።

ከሞተ ግን እኔ ሌላ እንደዚሁ ያለ አልገዛም። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ አግባ፤ እሱ ፈሳሹን በሞተር ስለሚገፋ ብዙዎቹ እስከ 30 ዲግሪ ቢዘሙም ግድ የላቸውም። ጣሪያው ላይ ሶላር ትሰቅላለህ፣ ፀሐይ ከድሬ አይጠፋም። ዝምታውን ግን ታጣለህ፣ ሌሊት ጆሮህ ሥር ያጉረመርማል።

አሁን ሦስት ነገር ንገረኝ። ወንፊቱ በመኪናው ጎን ነው ወይስ በኋላው? ሲከፈት ቧንቧዎቹ ላይ ወይም ወለሉ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ? አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታስ? ቢጫ ወይም ሽታ ካለ ምንም እንዳትለኩስ፣ በርና መስኮት ክፈትና ልጆቹን ከመኪናው አውጣቸው፤ ያኔ ቧንቧው ተሰንጥቋል። ከሌለ፣ ብርጭቆዋን አስቀምጠህ በአንደኛው ወገን ስንት ጣት እንደጎደለ ጻፍልኝ።