ቡቺ ጊኒ ፒጓን ይተዋት ይሆን? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም ደብረ ማርቆስ ነው። ድሮ ስለ ጊኒ ፒግ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ስለምትረባው ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ እንስሳ፣ የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አልነበረም። አሁን ግን ጥያቄው በዛ። የጎጃም ግቢ ደግሞ ያለ ውሻ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ የምመልሰው ሁለቱን በአንድ ቤት ስለማኖር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ በአንድ ግቢ መኖር ይችላሉ፤ አንድ ላይ መዋል ግን የለባቸውም። መሃላቸው ምንጊዜም በር ይኑር።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዶክተር እንደምን ዋሉ? የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት ጊኒ ፒግ አምጥቶልን ልጆቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ውሻችን ቡቺ ግን ጎልማሳ ነው። ዶሮ ነክቶ አያውቅም፤ ጫጩት አፍንጫው ሥር ጥሬ ስትለቅም እንኳ ዝም ነው። ጊኒ ፒጎቹንም ይተዋቸዋል ብዬ ልተማመን?

መልስ፦ አትተማመኚ እህቴ። ቡቺ ዶሮ የማይነካው ከቡችላነቱ ጀምሮ ዶሮ እያየ ስላደገ ነው። ምናልባትም አንድ ቀን ሞክሮ ተቆጥተውታል። ያ የተማረው ስለ ዶሮ ብቻ ነው። ጊኒ ፒግ ለእሱ ሌላ ፍጥረት ናት። ትንሽ ነች፣ መሬት ለመሬት ሽው ትላለች፣ ስትደነግጥ በቀጭን ድምፅ ትጮኻለች። ይህ ሁሉ ደግሞ ውሻን «አባርር» የሚያሰኝ ነው። ክብደቷ ብታድግ ብታድግ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ቡቺ ለጨዋታ ብሎ በእግሩ ቢጫናት እንኳ አጥንቷ ይሰበራል። ክፋት አያስፈልገውም።

በኬጅ (በፍርግርግ ቤታቸው) ውስጥ ሆነው ሲያያቸው ግን ልብ ብለሽ እይው። አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ፣ ጭራውን ለቀቅ አድርጎ፣ አየት አድርጎ ፊቱን ካዞረ ደህና ነው። የሚያስፈራው ፀጥ ሲል ነው። አፉን ይዘጋል። ጆሮው ወደ ፊት ይቀሰራል። አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ይቀራል። ጭራው ይገተራል፣ ዓይኑ አይርገበገብም። ስሙን ስትጠሪው አይሰማሽም። ሰው «አይ፣ ዝም ብሎ እኮ ነው የሚያያቸው» ይላል። ዝም ማለቱ ነው ችግሩ! እንዲህ ከሆነ ወዲያው ከክፍሉ አስወጪው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ውሻ ከጠገበ ምን ያደርጋታል? የሚያጠቃው የራበው አይደል?

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው ይለኛል። ረሃብና አደን ለየቅል ናቸው። የጠገበ ውሻም ያሳድዳል፣ ይይዛል፣ ያራግፋል፤ ከዚያ ሳይበላት ጥሏት ይሄዳል። ስለዚህ ማጥገብ መከላከያ አይሆንም።

ረሃብ ግን ያባብሳል፤ በተለይ በዐቢይ ጾም። 55 ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ አጥንት የለም። ውሻው ደረቅ እንጀራ እየተወረወረለት ይከርማል። ውሻ አይጾምም ጎበዝ! የተቀቀለ እንቁላል ብትሰጡት ማንም አይገስጻችሁም። ምስርና ባቄላም በደንብ ተቀቅሎ ከእንጀራ ጋር ቢፈተፈትለት ይጠቅመዋል። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ይቅር። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳሉ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ወንድምዓለም፣ እኔ ጊኒ ፒግ አልገዛሁም፤ ሐሳቡ ግን አለኝ። ውሻዬ ጀርመን ሸፐርድ ነው፤ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል። ምን ዓይነት ቤት ልሥራላቸው?

መልስ፦ ሳትገዛ መጠየቅህ ደስ ይላል።

መጀመሪያ ስለ ውሻው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሲፈታ ያጠራቀመውን ጉልበት የሚያወጣበት ያጣል። በዚያች ሰዓት ያገኘውን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይሯሯጥበታል። ስለዚህ ጊኒ ፒጎቹ ከመፍታትህ በፊት ቤት ገብተው በር ይዘጋባቸው። ማታ ሳይሆን ከማታ በፊት። ቀንም ቢሆን ለእግር ጉዞ ብታወጣው ሁላችሁም ታርፋላችሁ።

አሁን ቤቱ። ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ለዶሮ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ በጥርሱ ይተረትረዋል። ብየዳ ቤት ሄደህ ወፍራም የተበየደ ፍርግርግ አሠራ። የፍርግርጉ ቀዳዳ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሰፋ ካለ ውሻው ምላሱንና ጥርሱን አስገብቶ እግራቸውን ያገኛል። ለሁለት ጊኒ ፒግ ቢያንስ 1.2 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ጣሪያ ይኑረው። መዝጊያው በአፍንጫ ተገፍቶ የሚከፈት አይሁን፤ መቀርቀሪያ ከነቁልፉ አድርግለት። ወለሉ ግን ሽቦ እንዳይሆን አደራ። ሽቦ ላይ የቆመች ጊኒ ፒግ መዳፏ ይቆስላል፤ ያ ቁስል ቶሎ አይድንም። ጣውላ አድርገህ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ጎዝጉዝበት። ጥግ ላይ የካርቶን ወይም የእንጨት መደበቂያ አስቀምጥላቸው። ውሻ ሲጮህ የሚሮጡት ወደዚያ ነው። መደበቂያ ከሌላቸው ደርቀው ይቆማሉ፤ ሰው ደግሞ ተረጋጉ ብሎ ያስባል።

ኬጁን ከመሬት ከፍ አድርገው። ግን በከፍታ ብቻ አትመን፤ ያንተ ውሻ በኋላ እግሩ ሲቆም ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይሁን። ኬጁ አንድ በር፣ ክፍሉ ሁለተኛ በር። ልጅ አንዱን ረስቶ ቢተው ሌላው ያድናል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ክፍል የለንም። ማድ ቤት ብናስቀምጣቸውስ?

መልስ፦ ጭስ የሚያውቀው ማድ ቤት አይሆንም። ሳንባቸው ስስ ነው። በረንዳም ማታ አይሆንም፤ ውሻው ቢተዋቸው ሸለምጥማጥና ድመት አሉ። መኝታ ቤት ጥግ ይሻላል። ድርቆሹ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ አይሸትም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ቡችላ አምጥተን አብረው ቢያድጉ አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያየውን ነገር «የቤቴ ነው» ብሎ ይቀበላል። ችግሩ ቡችላ በጥርሱ ይጫወታል። ለእሱ ጨዋታ የሆነው ለእሷ ሞት ነው።

የማለማመዱ ሥራ ለቡችላም ለትልቅ ውሻም አንድ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጀመሪያ ጊኒ ፒጓ የተኛችበትን ጨርቅ ውሻው ያሽትተው። ሽታው ብርቅ መሆኑ ሲቀር፣ ኬጁ ተቆልፎ ውሻው በገመድ ተይዞ 3 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ፊቱን ከኬጁ ወደ አንተ ባዞረ ቁጥር ትንሽ የሚበላ ነገር ስጠው። «እሷን ስተው ጥሩ ነገር ይመጣል» የሚለውን ይማራል። ከቀን ወደ ቀን ቀረብ አድርገው። ካፈጠጠ ወይም ከጮኸ ተቸኩሏል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መልሰው። አትምታው። ከተመታ ዱላውን ከእሷ ጋር ያያይዘዋል፤ ጥላቻ አስተማርከው ማለት ነው።

ጨርሶ የማይለምድ ውሻም አለ። ሳምንታት ለፍታችሁ እንዳፈጠጠ ከቀረ ተዉት። እሱ በግቢው እሷ በክፍሏ ይኑሩ፤ ማንም አይጎዳም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለጊኒ ፒጋችን የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጠናት፤ ውሻው ታሞ ከታዘዘለት የተረፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስቀመጣት፣ አትበላም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አሁኑኑ አቁሙ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። አሞክሳሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘሮች ለውሻ መድኃኒት ናቸው፤ ለጊኒ ፒግና ለጥንቸል ግን መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ሣር የሚፈጩላቸውን የአንጀት ተህዋስያን ይገድላሉ። የውሻ የቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ፊፕሮኒል የሚባል ቁንጫ ገዳይ ያለበትን ጥንቸል ላይ ጨርሶ እንዳታደርጉ፣ ጊኒ ፒግም ላይ አልመክርም። ውሻው ቁንጫ ካለው እሱን ለብቻው አክሙት። የተቀባበትን ቀን ክፍላቸው አይግባ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጥንቸልም አለን። ከጊኒ ፒጎቹ ጋር አንድ ኬጅ ብናደርጋቸው ከውሻው አይጠበቁም?

መልስ፦ ከውሻው ይጠበቁ ይሆናል፤ እርስ በርስ ግን አይሆኑም። ጥንቸል በኋላ እግሯ ትራገጣለች። ደግሞ ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ጥንቸልም ውሻም ሳይታመሙ ይሸከሙታል፣ ጊኒ ፒግን ግን በሳንባ ምች ሊገድል ይችላል። ውሻችሁ ካሳለ ከእነሱ አርቁት። ውሻውን ነክታችሁ ወደ እነሱ ስትሄዱም እጃችሁን ታጠቡ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ እዚህ ብርድ ነው፤ በሐምሌ እንዴት ትችለዋለች? ደግሞስ ምን ትበላለች? እናቴ አይጥ ናት ብላ ቅንጬ ትሰጣታለች።

መልስ፦ ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ከአይጥ ወገን መሆኗን አልሳቱም። አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው፤ ስለዚህ ደጋ አዲስዋ አይደለም። የምትጠላው እርጥበትና ነፋስ ነው። ድርቆሹ ይብዛ፣ ይድረቅ። የባሕር ዳር ሰዎች ግን ተቃራኒውን አስቡ፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐይ የሚያገኘው ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጧት፤ ሙቀት ቶሎ ይጥላታል።

ምግቧ በአብዛኛው ሣርና ድርቆሽ ነው። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ማኘክ አለባት። ቅንጬው ይቅር። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን ራሷ አትሠራም፤ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለባት። ካጣች መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ መራመድ ትጠላለች። ሐበሻ ጎመን፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ አንዲት ቁራጭ ዘይቱን ስጧት። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ አቮካዶ፣ ሽንኩርት አይሰጣትም። ሣሩ ውሻው ከሚሸናበት ቦታ አይታጨድ።

ጥያቄ (ከመርዓዊ)፦ ውሻችን ትላንት አንዷን ያዛት። ቶሎ አስጣልነው። ደም የለም፣ ትሄዳለች። ልጄ ስታስጥል ግን ጣቷ ላይ ትንሽ ተጫረች። ለጊኒ ፒጓ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እህታለም፣ ከልጅቷ እንጀምር። ቁስሉን አሁኑኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰጃት። ጭረት ነው ብለሽ አትተይው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጠበሉን አልከለክልም፣ ክትባቱ ግን መቅደም አለበት። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም። ውሻው የታወቀ የቤት ውሻ ከሆነና ሰው ላይ አደጋ ሳያደርስ ማሰር ከተቻለ አትግደሉት፤ 10 ቀን ይታይ። ክትባት ከሌለው ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ንገሩ።

አሁን ወደ ጊኒ ፒጓ። ደም አለመኖሩ አያታልልሽ። ፀጉሯን በጣትሽ ግራና ቀኝ ገለጥ አድርገሽ ቆዳውን ፈልጊ። በምራቅ የተጣበቀ ፀጉር ካየሽ ሥሩ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለች ነጥብ ልታገኚ ትችያለሽ። ላይዋ ትንሽ ናት፤ ከውስጥ ግን ሥጋው ተጨፍልቋል፣ የውሻ አፍ ተህዋስም ገብቷል። በአንድ ሁለት ቀን ያመረቅዛል። ድንጋጤው ራሱ ሊገድላት ይችላል። ሞቅ ያለ ጨለማ ሳጥን ውስጥ አድርገሽ ለሐኪም አሳያት። ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት አስታውሺው፤ ጊኒ ፒግ ብዙ የማያይ ባለሙያ ሊዘነጋው ይችላል።

ጥያቄ (ከዚያው ከመርዓዊ)፦ ባለቤቴ ውሻውን እናስወግደው ይላል።

መልስ፦ ውሻው የውሻ ሥራ ነው የሠራው። በሩ እንዴት ተከፍቶ ተገኘ? እሱን አጣሩ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ለፋሲካ ገጠር ልንሄድ ነው። ጎረቤት ሁለቱንም ይይዝልኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ውሻውን በአንተው ግቢ ውስጥ፣ ጊኒ ፒጎቹን እሱ ቤት ውስጥ ያድርጋቸው። የራሱ ውሻ ካለውማ ጭራሽ ሌላ ሰው ፈልግ። ድርቆሽና ጎመን ቆጥረህ አስቀምጥለት፤ ውኃው በየቀኑ ይቀየር። ሳትሄድ ውሻህን አስከትበው። ልጆች ሲሰበሰቡ ጊኒ ፒጓን እያወጡ መቀባበል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ውሻው መታሰሩን ጎረቤትህ ሄዶ በዓይኑ ይይ፤ «ታስሯል» ሲሉት ብቻ አይመን። የኬጁን ቁልፍ ደግሞ ለልጆቹ ሳይሆን ለእሱ ስጠው።