በኤጀንሲ ወይስ በራስ?

እህቴ፣ «ዲሲ አካባቢ ነኝ፤ የአማርኛ ትርጉም ሥራ ልጀምር ነው። በኤጀንሲ ልሥራ ወይስ የራሴን ደንበኛ ልፈልግ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። አንዱን ይዘሽ ሌላውን መተው የለብሽም። ይልቅ ከመፈረምሽ በፊት ክፍያሽ በምን እንደሚሰላ እወቂ።

መጀመሪያ የሠራሁለት ኤጀንሲ የሚከፍለኝ ያስረከብኩትን አማርኛ ቆጥሮ ነበር። ዋጋው ጥሩ መስሎኝ ፈረምኩ። 2,000 ቃል የነበረው እንግሊዝኛ በአማርኛ 1,400 ገደማ ሆኖ ቁጭ አለ። «ዘይ ዲድ ኖት ቴል አስ» አምስት ቃል ነው፤ «አልነገሩንም» ግን አንድ። አማርኛሽ እየጠራና እያጠረ በሄደ ቁጥር ገንዘብሽ ይቀንሳል ማለት ነው። በጣም ያናድዳል! ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትተረጉሚ የሚቆጠረው እንግሊዝኛው እንዲሆን ውሉ ላይ አስጽፊ። ወደ እንግሊዝኛ ከሆነም እንግሊዝኛው ይቆጠር። ማሽን የተረጎመውን አርሚ ከተባልሽ ደግሞ በሰዓት ተደራደሪ፤ አንዳንዱን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል።

ኤጀንሲ ግን አይናቅም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላወጣች የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛም ያስተረጉማሉ። ይህን ሥራ ብቻሽን ሆነሽ ማግኘት ከባድ ነው።

የራስሽን ደንበኛ በልደት፣ በጋብቻና በትምህርት ማስረጃ ጀምሪ። በገጽ አስከፍዪ። ለኢሚግሬሽን ከሆነ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ አንቺም ለመተርጎም ብቁ መሆንሽን በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ። ዋናው ጥንቃቄ ቀኑ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ሌላ ቦታ ያስተረጎሙትን የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው መጡ። ጥር 5 ቀን 1980 ዓ.ም. የሚለው «ጃንዋሪ 5፣ 1980» ተብሏል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 14፣ 1988 ነው። ልጁን ስምንት ዓመት አስረጅተውታል። እናትየው ያንን ለማስተካከል ወራት ተንከራተቱ። እንዲህ ያለውን ነገር አጣርተሽ ከሠራሽ ሰው ለዘመዱ ሁሉ ስልክሽን ይሰጣል። እኔ ማስታወቂያ አስነግሬ አላውቅም።

አሁን የሳምንቱን ሦስት ቀን ለኤጀንሲ፣ የቀረውን ለራሴ ደንበኞች አድርጌዋለሁ። ኤጀንሲው በ45 ቀን ስለሚከፍል የቤት ኪራዬን የሚሸፍነው የራሴ ደንበኞች ሥራ ነው። በሁለቱም በኩል ታክስ የሚቆርጥልሽ የለም። ከገቢ ግብሩ ሌላ የግል ሥራ ታክሱ ብቻ 15.3 በመቶ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ክፍያ ቀንሰሽ ለብቻው አስቀምጪ።