መልስ፦ በዩኤስኤጆብስ (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ) ለምርምር ሥራ ሳመለክት ለምን "ብቁ አይደለህም" እባላለሁ?

ወንድሜ፣ ዲግሪህ ከኢትዮጵያ ነው ስላልክ መጀመሪያ እሱን እይ። የውጭ አገር ዲግሪ ካልተገመገመ አይቆጠርልህም፤ እውቅና ባለው ገምጋሚ ድርጅት አስገምግመህ ውጤቱን ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዝ። ብዙ ጎበዝ ሰው የሚወድቀው ግን ሬዙሜው (ሲቪው) ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የጀመርክበትና የጨረስክበት ወርና ዓመት፣ በሳምንት የሠራኸው ሰዓትም ካልተጻፈ ማመልከቻህን የሚያዩት ሰዎች ልምድህን ማስላት አይችሉም። "ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2012" ያልከውን "ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ጁን 2020፣ በሳምንት 40 ሰዓት" አድርገው። በኛ አቆጣጠር ከተውከው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድብሃል። ማስታወቂያው የጠየቀውን ልዩ ልምድ በግልጽ ጻፈው፤ ከማዕረግህ ገምተው አይሞሉልህም። "አፕላይ" ስትጫን ወደ መሥሪያ ቤቱ ገጽ ይወስድሃል፤ እዚያ መጨረሻ ላይ "ሰብሚት" ካላልክ ማመልከቻህ አልገባም። አብዛኛው ቦታ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃልና ሳትደክም ይህንንም አረጋግጥ።